አምስት ዕቃ ከአንድ ሆድ

«ዋጪው እንጂ!»

«አልውጥም!»

የጸደንያ እናት ባንቺዓለም በአንድ እጇ ውሃ፣ በሌላው ሁለት ክኒን ይዛ በሩን በሰውነቷ ዘግታ ቆማለች። ክኒኑ ከጎረቤት የተረፈ ነው። የጎረቤትን ሆድ ያዳነ የጸደንያን አያድንም ያለው ማን ነው! በወር ከምናምን ውስጥ ይኸው ሦስተኛ ዙር መሆኑ ነው። የጸደንያ ሆድ ግን አሁንም እህል በቀመሰች ቁጥር ይነፋል፤ ክፍል ውስጥ ሦስቴ አራቴ እየተነሳች ወደ ሽንት ቤት ትሮጣለች። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ደግሞ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እንዲህ እየሮጡ ይፈተናሉ እንዴ?

«የምርመራው ወረቀት ምንም የለብሽም ይላል» አለች እናቷ። «ስለዚህ ወይ አሜባው ተደብቋል፣ ወይ ፈተናው አስፈርቶሻል። ለሁለቱም ዋጪ!»

ጸደንያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በእናቷ ክንድ ሥር ሾልካ ወጣች። ወረቀቱ ላይ ስሟ አለ፣ እውነት ነው። የተመረመረው ሰገራ ግን የእሷ አይደለም።

ባለፈው ወር የጤና ባለሙያዎች ትምህርት ቤት መጥተው ለእያንዳንዱ ተማሪ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጡ። በማግሥቱ ከቤት ይዞ መምጣት ነው። አይ እፍረት! በቢቸና መንገድ፣ በባጃጅና በገበያተኛ መሀል ሰገራ ይዞ መሄድ ሞት መሰላቸው። ጸደንያን ጨምሮ ከአምስቱ ጓደኛሞች ስርጉት ብቻ ደፈረች፤ እሷም በሦስት ጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ነው ያመጣችው። ከዚያማ ከክፍሉ ጀርባ ተሰብስበው፣ እየሳቁ፣ በክብሪት እንጨት ለአምስት ተካፈሉት! ውጤቱ ሲመጣ ለአምስቱም «ምንም አልተገኘም»። የስርጉት ሆድ ንጹሕ ነዋ።

ስርጉት መንገድ ላይ ጠበቀቻት። ወደ ጤና ጣቢያ እንደምትሄድ ስትሰማ እጇን ለቀም አደረገቻት።

«ጸዲ ሙች፣ እንዳትናገሪ! ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ መሳቂያ ነው የምሆነው። ጓደኛዬ አይደለሽም?»

«ጓደኛሽ ነኝ። የታመመው ሆድ ግን የኔ ነው» አለችና እጇን አስለቀቀች።

ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ባለሙያ ሐብታሙ የሚባል የሞጣ ልጅ ነው። ጸደንያ ጆሮዋ እስኪግል አፍራለች፤ ቢሆንም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ የኔ ውጤት አይደለም። ከሰው ተካፍዬ ነው የሰጠሁት።»

ሐብታሙ ሳቁን ዋጠ። «መድኃኒትስ ወስደሻል?»

«ሁለት ዙር። በግምት።»

አሁን ሳቁ የለም። «አየሽ እህቴ፣ ሆድሽ ውስጥ የሚጠቅሙሽ ባክቴሪያዎችም አሉ። ክኒኑ መርጦ አይገድልም፤ እነሱንም ይጨርሳቸዋል፤ ያኔ የሆድሽ ሚዛን ይዛባል። ጃርዲያ ይሁን፣ ትል ይሁን፣ ወይ ክኒኑ ራሱ ያመጣው ጣጣ ይሁን ሳናውቅ ምን እንስጥሽ?» አለና አንዲት ዕቃ ላይ ስሟን ከነአባቷ ጻፈ፦ ጸደንያ ገብረ ኪዳን። «ለመሆኑ የማንን ነው የተካፈላችሁት?»

«የራሴን ነግሬዎታለሁ፤ የሌላ ሰው አልናገርም» አለች ፍርጥም ብላ። «ግን ሦስት ዕቃ ይጨምሩልኝ።»

 ሐብታሙ ምንም ሳይጠይቅ ሦስት ጨመረላት።

በእረፍት ሰዓት ዕቃዎቹን ከስርጉት ሌላ በቀሩት ሦስት ጓደኞቿ ዴስክ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠች። ዘመነ የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ አያትና «ኧረ ጉድ! ጸዲ ደግሞ ምን ልታስሞላ ነው?» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ሰገራ!» አለች ጸደንያ ዞር ብላ። «ምን ያስቅሃል? አንተ ሽንት ቤት አትሄድም? ነው ወይስ የሰጠኸው ያንተ አልነበረም?»

ዘመነ ዓይኑን ወደ ደብተሩ መለሰ። አጠገቡ የተቀመጡት ሁለት ልጆችም አንገታቸውን ደፉ። ለካ ወንዶቹም! መጀመሪያ የሳቀችው ስርጉት ነበረች፤ ጸደንያም እየሳቀች ቦታዋ ተቀመጠች። ደወሉ ሲደወል ዘመነ ጠጋ አላትና «ዕቃው የት ነው የሚሰጠው?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት።

ማታ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት። ባንቺዓለም ተቆጣች፤ «አዋረድሽኝ» አለች፤ ቀጥላም «እኔስ ያበላሁሽ ክኒን!» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ክኒኑን ጠቅልላ አነሳችው።

ጠዋት ጸደንያ ዕቃዋን ይዛ ልትወጣ ስትል እናቷ በሩ ላይ ጥቁር ፌስታል ዘረጋችላት። ውጭ ባጃጆቹ ይጮሃሉ፤ የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ ሰው በሰው ነው።

ጸደንያ ፌስታሉን ተቀብላ አጠፈችና ደጃፉ ላይ ካለው ዱካ መቀመጫ ላይ አኖረችው። የዕቃዋን ክዳን አጠበቀች። ከዚያ ስሟ የተጻፈበትን ጎን ወደ ውጭ አዙራ በእጇ ያዘችና ወደ ዋናው መንገድ ወጣች።