ከበሩ ማዶ

ዴላ ሃውገን ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ የመጣችው በበረዶው ወራት አጋማሽ፣ ሰው ሁሉ ጓደኛውን መርጦ ከጨረሰ በኋላ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ባለበት በአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ ነፋስ የሚመክት ዛፍ እንኳ ብርቅ ነው። ከመኝታ ክፍሏ እስከ ምግብ አዳራሹ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች፣ አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። አብራት የምትኖረው ልጅ ወር ሳይሞላት «ከፍቅረኛዬ ጋር ልኖር ነው» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ዴላ የገዛ ድምፅዋን የምትሰማው ለእናቷ ስትደውል ብቻ ሆነ። ለእናቷም «ደህና ነኝ፣ ብዙ ሰው ተዋወቅኩ» እያለች ትዋሻለች።

ትንሽ ቀለል የሚላት የዘር ቤተ ሙከራው ውስጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ገብታ የሱፍ አበባ ዘር ታበቅላለች።

በመጋቢት አንድ ቀን እዚያው እንዳለች ስልኳ ጮኸ። መልእክቱ ከግቢው ጥበቃ ነበር። «መሣሪያ የያዘ ሰው ግቢ ገብቷል። በር ቆልፉ። መብራት አጥፉ። ፖሊስ እስኪመጣ ለማንም አትክፈቱ።»

ቆለፈች። አጠፋች። ጠረጴዛ ጎትታ በሩ ላይ አስደገፈችውና ከጠረጴዛው ሥር ገብታ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ ኮሪደሩ ላይ የሩጫ ኮቴ ሰማች። የበሩ እጀታ ተንቀጠቀጠ።

«ሰው አለ? እባካችሁ ክፈቱልኝ። ሁሉም ቆልፏል።»

የወንድ ድምፅ ነው። ዴላ አፏን በእጇ ያዘች። አዲስ ተማሪ ሆና ስትመጣ ያሳዩዋት ፊልም ትዝ አላት፤ የሚያንኳኳው ሰውዬው ራሱ ሊሆን ይችላል ይላል።

«ተማሪ ነኝ። ታች ሲጮሁ ሰምቼ ደረጃውን መውረድ ፈራሁ።»

እጇ ወደ ቁልፉ ሄደ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ፣ እንደገና ተመለሰ።

ከውጭ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ልጁ በሩን ተደግፎ ቁጭ ሲል ሳንቃው ሲጥ አለ።

«እሺ፣ አትክፈቱ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም ብሆን አልከፍትም። ግን ሰው ካለ... ብቻዬን እንዳልሆንኩ ልወቅ።»

ዴላ በጣቷ ሳንቃውን መታ አደረገች።

ልጁ ሲመልስላት ድምፁ ተሰብሯል። «እግዜር ይስጥልኝ።»

«ስምህ ማነው?» አለች በሹክሹክታ።

«አንሰል። አንቺስ?»

«ዴላ።»

«እሺ ዴላ፣ ውስጥ ምን አለ?»

«የሱፍ አበባ።»

«ብቻ?»

«ብቻ። አንዳንዱ በቅሏል።»

ሲስቅ ሰማችው፤ የታፈነ፣ የፈራ ሰው ሳቅ ነበር። «እንግዲህ ብሞትም የሱፍ ጎረቤት ሆኜ ነው።»

«አትሞትም» አለችው። «ዝም ብለህ አውራኝ።»

አወራት። አባቱ ሚኒሶታ ውስጥ ሐይቅ ዳር ጀልባ እንደሚጠግን፣ እሱ ድልድይ መሥራት እንደሚማር፣ ዋና ግን እንደማይችል ነገራት። እሷም ለእናቷ ያልነገረቻትን ነገረችው፤ በዚህ ሁሉ ግቢ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው እንደሌለ።

«አሁን አለ» አላት።

ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት የጣቶቹ ጥላ ይታያት ነበር።

በመጨረሻ ኮሪደሩ በቡትስ ኮቴ ተሞላ፤ ፖሊሶች መሬት እንዲተኛ ጮኹበት። መሣሪያ የያዘው ሰውዬ ማንንም ሳይጎዳ መኪና ማቆሚያው ጋ ተይዞ ነበር፤ ፖሊሶቹ ግን ሌላ እንዳይኖር ያገኙትን ሁሉ ይፈትሹ ነበር። ዴላ ጠረጴዛውን ገፍታ በሩን ስትከፍት፣ አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ረዥም ልጅ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ በደረቱ ተኝቷል። ቀና ብሎ አያት።

«ታውቂዋለሽ?» አለ አንዱ ፖሊስ።

ፊቱን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። «አውቀዋለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲያ አይለያዩም ነበር። በረዶው ቀልጦ ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ፣ በጭቃው መሃል ተደጋግፈው እየሳቁ ክፍል ይገቡ ነበር። እጇን ሲይዝ አጥብቆ ነው። ለእናቷ መዋሸት አላስፈለጋትም።

ነገር ግን አንሰል ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። ወንበር ሲጎተት ይደነግጣል። የዚያ ቀን ነገር ከተነሳ ምንጊዜም «ልክ ነበርሽ» ይላታል። አንድም ቀን አልተቆጣትም። ዴላ ግን አንዴ እንኳ ቢቆጣት ትወድ ነበር።

በሚያዝያ የግቢው ጥበቃ ኃላፊ ሚስስ ግሪንደል አስጠሯት።

«ለተማሪዎቹ ብትናገሪልን ብዬ ነው። ብዙ ልጅ ተደናግጦ ይከፍታል። አንቺ የምናስተምረውን ነው ያደረግሽው።»

«ውጭ የቀረው ልጅ ሲሰማ ምን ይለኛል?»

«እሱም ደህና ነው እኮ፣ ልጄ» አሏት።

ለአንሰል ነገረችው። «ተናገሪ፣ ሰው ያድናል» አላት።

ተናገረች። አንሰል ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሰማት። ስትጨርስ አዳራሹ አጨበጨበላት፤ እሱም አጨበጨበ። ውጭ አግኝታው ስትይዘው ግን እጁ በረዶ ሆኗል።

«አንሰል፣ ተናገር።»

«ልክ ነበርሽ...»

«እሱን ተወው። ሌላውን ንገረኝ።»

ነፋሱ የባንዲራውን ገመድ ከምሰሶው ጋር ያጋጫል።

«እወድሻለሁ» አለ። «ግን ባየሁሽ ቁጥር መጀመሪያ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው እዚያ ወለል ላይ እገኛለሁ። በየቀኑ። ጥፋት ቢኖርብሽ ይቅር ብዬሽ ይወጣልኝ ነበር። ምንም አላጠፋሽም። ምኑን ይቅር ልበልሽ?»

ዴላ ትከሻው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ቆመች። እሱም አልገፋትም።

ፈተና እንዳለቀ አንሰል ወደ አባቱ ሊመለስ፣ ትምህርቱንም እዚያው አቅራቢያ ሊጨርስ ወሰነ። ዴላ አልለመነችውም። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘችው። ሻንጣውን አስገብቶ ተመለሰና ፊቷ ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከፍተሽልኝ ቢሆን ኖሮ ምን እንሆን ነበር?»

ይህን ስንት ጊዜ አውጥታ አውርዳዋለች። «ጠረጴዛ ሥር ተጎልተን፣ ትንፍሽ ሳንል እንቆይ ነበር» አለችው። «ሲያልቅ አመስግነኸኝ ትሄድ ነበር። ስምህንም አልጠይቅህም ነበር።»

ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ግንባሯን ስሞ ተሳፈረ።

የአውቶቡሱ መስኮት ላይ ፀሐይ ስላረፈበት ፊቱ አልታያትም። ምናልባት እሱ ያያት እንደሆነ ብላ እጇን አነሳች። ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ አውቶቡሱ አነሰ፣ አነሰ፣ ነጥብ አከለ። በዚያ ሜዳ ላይ የሄደ ነገር ቶሎ ከዓይን አይጠፋም። ዴላ እጇን ሳታወርድ ረጅም ጊዜ ቆመች።