አጥናፉ ያላነሳው ድንጋይ

ፋኖሱን ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ። እንዲህ፣ በቃ። ድልድዩን ውሃ ሞልቶታል፣ እስኪነጋ የሚንቀሳቀስ መኪና የለም፣ እናንተም እንቅልፍ የላችሁም። ስለዚህ ጆሯችሁን ስጡኝ። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማችሁን ስጠግን የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። የሚያንኮራፋ ካለ ከአሁኑ ይውጣልኝ።

ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። መንገዱ ዳገት ነው። ጨረቃ የለችም። በዚያ ዳገት ላይ አንድ መኪና ብቻ ይወጣል። ሹፌሩ ማነው? አጥናፉ ነው። ከዳገቱ ግርጌ አንዲት መንደር ተኝታለች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ነገ በዚያ ስታልፉ መሪው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል።

አጥናፉ እንዴት ያለ ሰው ነበር? ኤጭ! ሥራው ከባድ ነበር፣ እሱን አልክድም። ከወደብ ፌሮ ይጭናል፤ ክፍት ተሳቢ ላይ ሃያ ቶን ብረት። በረሃውን ሲያቋርጥ የጋቢናው በር እጅ ይፋጃል፤ ደጋ ሲደርስ በዚያው ሸሚዝ ይንዘፈዘፋል። ኬላ ላይ ግማሽ ቀን ይቆማል። በየሃምሳ ኪሎ ሜትሩ ወርዶ ሰንሰለት ያጠብቃል፤ ሰንሰለቱ ከላላማ ፌሮው ጋቢናውን በስቶ ይገባል። ሚስቱን በወር አንዴ ቢያይ ነው። ይህን ሁሉ የሚችል ሰው ይከበራል። ግን ሰው ሥራው ስለከበደ ብቻ ሰው አይሆንም።

አንድም ረዳት ከሱ ጋር ሁለት ጉዞ ቆይቶ አያውቅም። ለምን? እሱ ቁርጡን ሲበላ ረዳቱን ውጭ ያስጠብቃል። ጎማ ሲፈነዳ የረዳቱን እናት ይሰድባል። መጨረሻ ላይ «ብቻዬን እበቃለሁ» አለና ብቻውን ይነዳ ጀመር። የንፋስ ፍሬኑ ቱቦ ተቀዶ በጎማ ቁራጭ አስሮታል። የእጅ ፍሬኑ ከተበጠሰ ሁለት ወር አልፎታል። አሠራው ሲሉት «የእጅ ፍሬን የፈሪ ነው» ይላል። የአፍ ጀግና!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ድንጋዩ ነው። ዳገት ላይ ሲቆም ምን ያደርጋል? ድንጋይ አንከባሎ ከጎማው ስር ያስገባል። ደግ አደረገ፤ ሁላችሁም ታደርጋላችሁ። ሲሄድስ ያነሳዋል? አያነሳም! ነድቶ ይሄዳል፤ ድንጋዩ አስፋልቱ መሃል ቁጭ ይላል። «ምናለበት ብታነሳው?» ሲሉት «የመንገድ ሠራተኛ ነኝ እንዴ?» ይላል። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

በዚያች መንደር በሪሁን የሚባል ሸራ ሰፊ ነበር። የጭነት መኪና ሸራ ሲቀደድ የሚጥፈው እሱ ነው። የአጥናፉንም ሸራ ስንት ጊዜ ጥፎለታል። አንድ ቀን ሲመሻሽ በሪሁን በሞተሩ ወደ ቤቱ ሲወርድ፣ አጥናፉ ከሰዓት በኋላ ጥሎት የሄደውን ድንጋይ መታ። ሚስቱንና ሁለት ሕፃናት ልጆቹን ትቶ እዚያው ቀረ።

ሽማግሌዎች አጥናፉን ኬላ ላይ ጠብቀው አገኙት። «ልጄ፣ አውቀህ እንዳላደረግኸው እናውቃለን። ግን ድንጋዩ ያንተ ነው፤ ስታደርገው ሰው አይቶሃል። ናና ለቅሶ ድረስ፣ ‹አጥፍቻለሁ› በል» አሉት። ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? ጥርሱን እየፋቀ «ድንጋዩ ላይ ስሜ ተጽፏል? ሞተር የሚነዳ ሰው ዓይኑን አይከፍትም?» አላቸው። ለሰው ሞት አነሰው!

እንግዲህ የበሪሁን አርባ ሳይወጣ ነው፣ አጥናፉ በዚያች ሌሊት መንደሯን አልፎ ዳገቱን የጀመረው።

ከኋላው አንድ ነገር ሰማ። ግርርር። ድንጋይ አስፋልት ላይ ሲጎተት። ጆሮውን ቀሰረ። ግርርር። «ሰንሰለቱ ነው» አለ። ሰንሰለቱ ነበር? አልነበረም። ሰንሰለቱንማ አሁን ከመንደሯ በታች ነው ወርዶ ያጠበቀው።

ስፖኪዮውን አየ። ጨለማ ነው። እንደገና አየ። በኋላ መብራቱ ቅላት ውስጥ ሰው አለ። ሰውየው በእግሩ ይራመዳል። አጥናፉ ሲፈጥን ሰውየው እዚያው ነው። ሲያዘግም እዚያው ነው። እግሩ ይታያል፤ ፊቱ አይታይም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የፈጣሪያችሁን ስም ትጠራላችሁ። አጥናፉ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አንተ ሌባ! ፌሮ ልትሰርቅ ነው?» ብሎ ጮኸ። የሚታየው ብረቱ ብቻ ነው!

ተሳደበና ነዳጅ ረገጠ። ፍሪሲዮኑ ግን ተበልቶ ካለቀ ቆይቷል። የተቃጠለ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም። ሃያ ቶኑ ወደ ኋላ ሳበው። ፍሬን ያዘ። መኪናው ቆመ።

ቆመ፤ ግን በምን? በእግሩ ብቻ። ማርሹ አይዝም። የእጅ ፍሬን የለም። ያ የታሰረው ቱቦ እስስስስ ማለት ጀመረ፤ የንፋስ መለኪያው ቀስት ወደ ዜሮ ትወርዳለች። ዜሮ ስትደርስ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ወርዶ ድንጋይ እንዳያደርግ፣ እግሩን ሲያነሳ መኪናው ይሄዳል። ቁጭ እንዳይል፣ ንፋሱ ያልቃል። ከኋላው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፤ ከቁልቁለቱ ስር መንደሯ ተኝታለች። አንድ ረዳት ቢኖረው ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ያስገባለት ነበር። አልነበረውም።

ሁለተኛውንም እግሩን ፍሬኑ ላይ ጨመረ። ቀስቷ ወረደች፣ ወረደች። ያን ጊዜ ከኋላ ጎማው ዘንድ ለስለስ ያለ ድምፅ መጣ።

«ልያዝልህ?»

«ማነህ?»

«ልያዝልህ ወይ?»

ቀስቷ ዜሮ ደረሰች። መኪናው ወደ ኋላ ሸርተት አለ። «ያዝልኝ! በናትህ ያዝልኝ!»

መኪናው ነቅነቅ አለና ቀጥ አለ። «ይዣለሁ፤ ውረድ» አለው ድምፁ።

አጥናፉ ባትሪውን ይዞ ወረደ። እየፈራ ወደ ኋላ ጎማው ሄደ። ከጎማው ስር ድንጋይ አለ? የለም። ትከሻ አለ። አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ትከሻውን ለጎማው ሰጥቶ ይዞታል። ባትሪውን ከፍ አደረገ። ፊቱን አየ። በሪሁን ነው።

«ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አለ በሪሁን። «አንተ ገደል ብትገባ ዞሬ አላይህም። ከታች ልጆቼ ተኝተዋል። እዚያ ካቡ ዘንድ ድንጋይ አለ፤ ሮጠህ አምጣና ተካኝ። ሙት ነኝ፣ እስከ መቼ እይዘዋለሁ?»

ካቡ ስንት እርምጃ ነው? ሠላሳ እርምጃ። ሠላሳ እርምጃ ብቻ! ሠላሳ እርምጃ ሄዶ አንድ ድንጋይ ማምጣት ነው። አጥናፉ ምን አደረገ? እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ላይ ፈረጠጠ። ሙቱን ከነመኪናው፣ ሕፃናቱን ከነመንደራቸው ትቶ ፈረጠጠ። ትፍ!

ዳገቱ አናት ላይ ሁለት ሹፌሮች መኪናቸውን አቁመው ተኝተው ነበር። አንዱ ጋሽ መርሻ የሚባል አንጋፋ ነው፤ ሌላው ጓደኛው ሐሰን ነው። አጥናፉ በሩን ደብድቦ ቀሰቀሳቸው።

«ምን ሆነሃል?» አለው ጋሽ መርሻ።

«ፍሬን በጠሰብኝ!»

«መኪናውን በምን አቆምከው ታዲያ?»

አያችሁ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር ሌላ ሰው በሆነ ነበር። «ድንጋይ አድርጌበት ነው የመጣሁት» አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ሁለቱ ሹፌሮች የእንጨት ታኮ ተሸክመው፣ ባትሪ ይዘው ከሱ ጋር ወረዱ። መኪናው ቆሟል። ሐሰን ከጎማው ስር አበራና ክው አለ። «ጋሼ፣ ድንጋይ የለም እኮ! ባዶ ነው!» ጋሽ መርሻ ዕድሜውን መንገድ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ ለመጠየቅ አልቆመም። «መጀመሪያ ታኮውን!» አለ። ከሁለቱም ወገን አስገቡ። በጎማውና በታኮው መካከል አንድ ስንዝር ያህል ቀረች። አጥናፉ አሁን ጀግና ሆነ። «እንዲህ አይደለም፣ አታውቁበትም!» እያለ በእግሩ እየገፋ ታኮውን ሊያስጠጋ ገባ።

ጋሽ መርሻ ባትሪውን ፊቱ ላይ አበራበት። «አጥናፉ፣ ይህን መኪና እስካሁን ማን ይዞት ነበር?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ? እኔው ነኝ ያቆምኩት!»

ከመኪናው ስር ድምፅ መጣ። ሦስቱም ሰሙት። የደከመ ሰው ድምፅ ነው፤ ጋሽ መርሻ ሸራውን ሲጥፍለት የኖረውን የበሪሁንን ድምፅ አወቀው።

«እሱ ከሆነማ ይያዘው።»

ጓ! መኪናው ወደ ኋላ መጣ። አንድ ስንዝር ብቻ። ታኮው ላይ ቆመ። ከታች ውሻ እንኳን አልጮኸም፤ ልጆቹም አልነቁም። የአጥናፉ እግር ግን በዚያች ስንዝር ውስጥ ነበር።

ጋሽ መርሻ ለበሪሁን አርባ ወደ መንደሯ ወረደ። ሚስቱን ለብቻዋ ጠርቶ «እህቴ፣ ባልሽ ያን ሌሊት እናንተን ሲጠብቅ አደረ» አላት። አላመነችውም አይባልም፤ ብዙ አለቀሰች።

አጥናፉስ? እንዲህ ያለው የት ይሞታል! እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡለት። በክራንች እየሄደ ኬላ ላይ ይውላል፤ ያገኘውን ሹፌር ሁሉ «ሃያ ቶን ብረት ብቻዬን ያቆምኩ ሰው ነኝ» ይላል። አንድ ቀን እንኳን የበሪሁንን ስም አልጠራም። እስከ ዛሬ ይዋሻል።

በሉ። ዛሬ ዳገቱ ላይ ድንጋይ ጥሎ የመጣ አለ? እኔን አትዩኝ፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡና አንሱት። ለብቻ መሄድ ግን የለም፣ በጭራሽ።

አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ምነው ጫማህን ታጠልቃለህ? ቆይ አንተ! ብቻህን አትውጣ ብያለሁ እኮ!