የአራስ ቤት ፎሶሊያ

«ዓለምዘውድ! ጣትሽን ልትቆርጪው ነው!»

ዓለምዘውድ ደንግጣ ዓይኗን ገለጠች። ቢላዋው ፎሶሊያውን ስቶ አውራ ጣቷ አጠገብ ቆሟል። እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

የክፍል ጓደኛዋ ከድጄ ቢላዋውን ከእጇ ቀማቻት። «እስቲ ንገሪኝ፤ አራሷ እናትሽ ናቸው ወይስ አንቺ?»

«ሳቂ አንቺ ምን አለብሽ! ሕፃኑ ሲያለቅስ ነው ያደረው።»

እናቷ ዘርፈሽዋል ከወለደች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። አባቷ ለሥራ ቡኢ እንደሄደ አልተመለሰም። ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨቱ፣ የሕፃኑ ጨርቅ፣ የታናናሾቿ ምሳ፣ ሁሉም በዓለምዘውድ ላይ ወድቋል። ትናንት ደግሞ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተደፍኗል። ይሄ ሁሉ ሳያንስ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የባልትና ፈተና አለ።

የባልትና አስተማሪያቸው ወይዘሪት ዘነበወርቅ የስምንተኛ ክፍል ሴቶችን ሁለት ሁለት አድርገው መድበዋቸዋል። ሁሉም ፎሶሊያ በካሮት ሠርተው ይመጣሉ። ፎሶሊያውን ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ለቅመው ያከፋፈሏቸው አስተማሪዋ ራሳቸው ናቸው፤ የተረፈ የለም። «ጨውም ስኳርም አንድ ላይ ይሰማኝ። ግን ከረሜላ አድርጋችሁ እንዳታመጡብኝ!» ብለዋል። ሁዳዴ ስለሆነ ፈተናውን ዘጠኝ ሰዓት ያደረጉት ጾመኛው እንዲቀምስ ብለው ነው።

«እኔ ባለፉት ሁለት ፈተናዎች ወድቄያለሁ» አለች ከድጄ ካሮቱን እየቆረጠች። «አባቴ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ሒሳቡስ ይሁን፤ ወጥ መሥራት እንኳ ካላስተማሩሽ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ዛሬ ከወደቅሽ ቤት ትቀመጫለሽ› አለኝ።»

«ጋሽ ሙስተፋ ተቆጥተው ነው እንጂ አያደርጉትም።»

«እኅቴ ላይ አድርጎታል።»

ከድጄ ካሮቱን ጨርሳ እጇን ታጠበችና ልብሷን ልትቀይር ወደ ቤቷ ሄደች።

ዓለምዘውድ ፎሶሊያውን በፈላ ውኃ አንድ ጊዜ አንተክትካ አጠለለችው። ሽንኩርቱን ከተፈች። ከዚያ እሳቱ ዳር የተቀመጠችውን ትንሿን ድስት አነሳች። ውስጧ ሞቅ ያለ ዘይት ያብረቀርቃል።

«ለካ ጨምሬዋለሁ» አለች ለራሷ።

መቼ እንደጨመረችው አላስታወሰችም። ግን ጠዋት ደግሞ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቤቱን ሁሉ ስትፈልገው ነበር። ሽንኩርቱን ጨመረች። ወርቅማ ሲሆን ሁለት ማንኪያ ስኳር ነሰነሰችበት፤ ስኳሩ ቀልጦ ሽንኩርቱን ሸፈነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ከዚያ ፎሶሊያውን አከታትላ አማሰለች። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰችበት፤ አውርዳም ግማሽ ሎሚ ጨመቀችበት። አልቀመሰችውም፤ ጾሟን አልፈታችም።

«ዓለሜ» አለች እናቷ ከመደቡ ላይ ሆና። «ገንፎዬ ላይ ቅቤውን አድርጊልኝ። እትዬ ወለተ ሐና ጠዋት ሊጠይቁኝ መጥተው በትንሿ ድስት አቅልጠው እሳቱ ዳር ትተውልኝ ሄደዋል።»

ዓለምዘውድ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። ቀስ ብላ ዞራ የዘይቱን ጠርሙስ አየች። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ቡሹም አልተነቀለም።

አራስ አትጾምም። በዚህ ቤት በሁዳዴ ቅቤ የሚነካ ድስት ያ አንዱ ብቻ ነው። የተደፈነው አፍንጫዋ የቅቤውን ሽታ አልነገራትም።

ለእናቷ ሌላ ቅቤ አቅልጣ ሰጠቻት። ስለ ፎሶሊያው ምንም አልነገረቻትም። እናቷ ሕፃኑን ታቅፋ ዓይኗ ሊከደን ደርሷል፤ ጭንቀት ልትጨምርባት አልፈለገችም።

ከድጄ ስትመለስ በር ላይ ሆና ሁሉንም በሹክሹክታ ነገረቻት።

«እና ማን ያውቃል?» አለች ከድጄ።

«ይበሉታል እኮ! በሁዳዴ!»

«ሳያውቁ ከበሉት ምን ኃጢአት አለው?»

«ለእነሱማ የለውም። እኔ ግን አውቄያለሁ።»

«አቦ ዓለምዘውድ! ሌላ ፎሶሊያ ከየት ይመጣል? ባዶ እጃችንን ብንሄድ ዜሮ ነው። ያንቺ ሌላው ውጤትሽ ያሳልፍሻል። እኔስ?» ከድጄ የዓለምዘውድን ነጠላ ያዘች። «ስለ እኔ ብለሽ ዝም በይ።»

ድስቱን በጨርቅ አስረው ወጡ። ዓለምዘውድ መንገዱን ሁሉ ስታስብ ሄደች። ዝም ማለት እኮ ምንም ጉልበት አይጠይቅም፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ነው። ምናለበት ዝም ብትል?

ክፍሉ ውስጥ ድስቶቹ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር በተርታ ተደርድረዋል። ወይዘሪት ዘነበወርቅ ማንኪያና እርሳስ ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ ያልፋሉ። ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ ከንፈራቸው ይናገራል። የክፍል ጓደኛቸውን የሰገነትን ድስት ቀምሰው «ይሄ ሾርባ ነው» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ቀጥለው የዓለምዘውድንና የከድጄን ድስት ከፈቱ።

«ይሄማ መዓዛው ልዩ ነው!»

ከድጄ ከጠረጴዛው ሥር የዓለምዘውድን እጅ ጨብጣ ያዘች። ወይዘሪት ዘነበወርቅ ማንኪያውን ሞልተው አነሱ።

«አይብሉት!»

ድምፁ በጉንፋን የሻከረ የዓለምዘውድ የራሷ ድምፅ ነበር። ማንኪያው አየር ላይ ቆመ።

«ቅቤ ገብቶበታል። እናቴ አራስ ናት፤ የእሷን ድስት ተሳስቼ…» ዓለምዘውድ ወደ ከድጄ ዞር አለች። «ከድጄ በዚያ ሰዓት አልነበረችም። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው።»

ከድጄ እጇን ለቀቀች። ከኋላ አንዷ ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አመለጣት። ወይዘሪት ዘነበወርቅ ማንኪያውን ወደ ድስቱ መለሱት።

«ያልቀመስኩትን ማረም አልችልም» አሉ። ከዚያ ዙሪያውን አዩ። ከስምንቱ ተማሪዎች ጾም የሌለባት አንዷ ብቻ ናት። «ከድጄ፣ ነይ። አንቺ ቅመሺው። የምትነግሪኝን እጽፋለሁ።»

«ኧረ! ለራሷ መቶ ከመቶ ልትሰጥ ነው!» አለች ሰገነት።

«ዝም በይ አንቺ፣ ሾርባሽን ጠጪ» አሉ ወይዘሪት ዘነበወርቅ።

ከድጄ ማንኪያውን ተቀበለች። በልታ ቀስ ብላ አኘከች። እርሳሱን አየች። ዓለምዘውድን አየች። ዓለምዘውድ ፊቷን ወደ መሬት አደረገች፤ ምን እንድትላት እንደምትፈልግ ራሷም አታውቅም ነበር።

«ስኳሩ ደህና ነው» አለች ከድጄ። ዋጠች። «ጨው ግን አንሶታል። ካሮቱም አልበሰለም። ወፍራም አድርጌ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»



«ልጻፈው?» አሉ ወይዘሪት ዘነበወርቅ።

ከድጄ ማንኪያውን ድስቱ ክዳን ላይ አስቀመጠች።

«ይጻፉት» አለች፤ ሄዳም ዓለምዘውድ አጠገብ ተቀመጠች።