ጧሪ አለኝ

«እማሆይ፣ ጧሪ አለዎት?»

ወይዘሪት የሻረግ ይህን ጥያቄ ከጧት ጀምራ ስንቱን ሽማግሌና አሮጊት እንደጠየቀች እሷም አታውቀውም። ከጎኗ ተቀምጣ መልሱን የምትጽፈው ሐረገ ወይን ግን ብዕሯን ያቆመችው ገና አሁን ነው። ጠረጴዛው ፊት ምርኩዛቸውን ይዘው የቆሙት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው። ጧሪያቸው ደግሞ የሐረገ ወይን አባት ነው።

ጊዜው ግንቦት 1966 ነው። ወገዳ በሚገኘው ትምህርት ቤት የአንዱ ክፍል ወንበሮች ወጥተው የስንዴ ጆንያ ተደርድሮበታል። ዝናብ ከከዳ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ መንግሥት የላከው ስንዴ ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ትእዛዙ «መጀመሪያ ለወላጅ አልባ ሕፃናትና ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን» ይላል። ለምዝገባው ከማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተላከችው ወይዘሪት የሻረግ ጸሐፊ ስትጠይቅ፣ መምህራኑ ከሰባተኛ ክፍል ጽሕፈቷ የሚያምረውን ሐረገ ወይንን ሰጧት። ትናንት ሐረገ ወይን ይህን ወሬ ይዛ እየሮጠች ነበር ቤት የገባችው። ደስታዋ ታዲያ እስከ ራት እንኳ አልቆየም።

አባቷ ጥጋቡ ወሬውን ሰማ። እናቷ ወደ ጓሮ እስክትወጣ ጠበቀና፣ «እማሆይ መምጣታቸው አይቀርም» አላት። «ጧሪ አለ ብለሽ ጻፊ። አለ ደግሞ፤ እኔ አለሁ አይደል?»

«አባዬ፣ ግን እኮ ከጥር ወዲህ…»

«አውቃለሁ!» ጮኸ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ልስጣቸው? ጎታውን አይተሽዋል። ጧሪ የላቸውም የሚል ወረቀት ከወጣ አያሌው ሽማግሌ ፊት ያቆመኛል፤ ከመሬቱም ይነቅለኛል። ያኔ እናንተን በምን ላሳድራችሁ ነው?»

አያሌው የእማሆይ የወንድም ልጅ ነው። እማሆይ ባላቸው ሞተውባቸው ሲመነኩሱ፣ እንደ አገሩ ልማድ መሬታቸውን ሩቅ ዘመዳቸው ለሆነው ለጥጋቡ ሰጡ። እሱም በካህናትና በሽማግሌዎች ፊት እስከ ዕለተ ሞታቸው ሊጦራቸው፣ ሲሞቱ ሊቀብራቸውና ተዝካራቸውን ሊያወጣ ማለ፤ ቃሉን ካጠፈ መሬቱ ለቅርብ ዘመድ ይመለሳል። ያን ቀን አያሌው ተቆጥቶ ሸንጎውን ጥሎ ወጣ፤ እስከ ዛሬም አልበረደለትም።

ጥጋቡ አራት ዓመት ሙሉ ቃሉን ጠብቋል። በየቅዳሜው እህሉን ወደ እማሆይ ጎጆ የምታደርሰው ሐረገ ወይን ነበረች። ከጥር ወዲህ ግን እናቷ «ለሚመጣው ቅዳሜ» እያለች አምስት ወር ሊሞላ ነው። ሐረገ ወይንም በእማሆይ ደጅ ማለፍ አፍራ በሌላ መንገድ ዞራ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ስትጠየቅ «ጭቃው ስለሚቀንስ ነው» ትላለች፤ በዚያ ድርቅ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እማሆይ ዐይናቸውን ከወይዘሪት የሻረግ ወደ ጸሐፊዋ አዞሩ። ትንሽ ቆይተው ለዩዋት። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ተቀየረ።

«የጥጋቡ ልጅ! አንቺ ነሽ እንዴ?»

ሐረገ ወይን ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። በሩ ላይ ሰልፍ የሚያስጠብቀው ሰው ደግሞ፣ ከሰውም ሰው፣ አያሌው ነበር። ዱላውን ተደግፎ ጆሮውን አቁሟል።

«ጧሪ አለዎት ወይ፣ እማሆይ?» ወይዘሪት የሻረግ ደገመች።

«አለኝ እንጂ! ጥጋቡን የመሰለ ልጅ አለኝ። አንድ ቀን ጦሜን አሳድሮኝ አያውቅም፤ እግዜር ይስጠው።»

«እንግዲያው ይሄ እህል ሰው ለሌላቸው ነው።»

«ላጡት ይሁን። እኔስ እንዲያው ላየው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ያን ሁሉ መንገድ በምርኩዝ ተጉዞ ስንዴ ሊያይ የሚመጣ ሰው የለም። ሐረገ ወይን ገባት። እማሆይ ሊናገሩ ነበር የመጡት። እሷን ባያዩ ኖሮ ይናገሩ ነበር። የጧሪን ስም በአደባባይ ማጉደፍ፣ ያውም በልጁ ፊት፣ ለሳቸው ከመራብ ይከፋል።

ወረቀቱ ላይ የቀራት «አለ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ማንም አይፈርድባትም፤ በአፋቸው ብለውታል። መሬቱም ይተርፋል፣ አባቷም አይዋረድም። እማሆይ ለመሄድ መታጠቂያቸውን ጠበቅ ሲያደርጉ ግን ወገባቸው ከሐረገ ወይን ክንድ እምብዛም እንደማይሰፋ አየች። ለመስከረም አይደርሱም።

«ወይዘሪት!» አለች። «ጧሪያቸው አባቴ ነው። ከጥር ወዲህ ምንም አልሰጠናቸውም። እኛም የለንም።»

«ሰማችሁ? ሰው ይስማልኝ!» አለ አያሌው ከበሩ።

«አንተ ሰልፍህን ጠብቅ!» አለች ወይዘሪት የሻረግ፤ ከዚያም ወደ ሐረገ ወይን ዞረች። «እንዲህ ከሆነማ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከመሰከረ ልመዘግባቸው እችላለሁ። አባትሽ ግን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

እማሆይ ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። «አንቺ ልጅ! እኔ የሸፈንኩትን የአባትሽን ገመና አንቺ ትገልጪ? ስንዴያችሁን አልፈልግም! ጣቴንም አላስነካም!»

ሐረገ ወይን ተነሥታ ቆመች።

«እርስዎ አላሙትም፣ እማሆይ። ጧሪ አለኝ ነው ያሉት፤ ሁሉም ሰምቷል። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ለእሱም የምነግረው እኔው ነኝ።»

እማሆይ አተኩረው አዩዋት። ምርኩዛቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና አውራ ጣታቸውን ለአሻራ ዘረጉ።

ወረቀቱ «አለ» ወይም «የለም» ከማለት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ሐረገ ወይን ዳሩ ላይ፣ በዚያው በሚያምረው ጽሕፈቷ፣ «ጧሪ አለ፤ በድርቁ ምክንያት አጥቷል» ብላ ጻፈች። ከምስክር ትይዩ ደግሞ ስሟን አሰፈረች፤ ሐረገ ወይን ጥጋቡ። የአባቷ ስም ላይ ስትደርስ አንድ ጊዜ ብዕሩን አነሣች፤ ከዚያ ጨረሰችው።

ቀና ስትል አያሌው በሩ ላይ የለም።

ብዕሩን ለወይዘሪት የሻረግ ሰጥታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ወጣች። ለአባቷ ምን ብላ እንደምትጀምር አታውቅም። ከአያሌው አፍ ግን መስማት የለበትም። ሩጫ ጀመረች።