ጋሼ ያተለቁት ፊደል

«የታለ ታዲያ የምትሉት ቁልፍ?» አሉ እቴቴ፣ ስልካቸውን አንዴ ወደ ዓይናቸው አንዴ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያደረጉ።

«ከታች ነው እቴቴ» አለች ሮኬት። «ስም ከጻፉበት ሥር።»

«ከሥሩ ያለው ኪቦርዱ ነው።»

«አዎ፣ እሱን ዝቅ ያድርጉትና ቁልፉ ይመጣል።»

«በምን ዝቅ ላድርገው? በእጄ ልጫነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ስልኩን በካርቶኖቹ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ተዉኝ በቃ፣ እኔ ድሮም አላውቅበትም። ይቅርታ ልጆቼ፣ ሥራችሁን አበላሸሁባችሁ።»

ሽቦ ያቺን «ይቅርታ» ስትሰማ የያዘችውን ካርቶን አስቀመጠች።

ሽቦ የሚለውን ስም ያወጡላት ጋሼ ነበሩ፤ አጎቷ፣ የእቴቴ ባል፣ በዚህች ጠባብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስልክ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። «ቀጭን ናት፣ ሲነኳት ደግሞ ትነዝራለች» ይሉ ነበር ለደንበኛ ሲያስተዋውቋት። ካረፉ ሦስት ወር ሆናቸው። እቴቴ ክፍሉን ለአከራዩ ሊመልሱ ስለሆነ፣ እሷና ሮኬት የሚሏት የክፍል ጓደኛዋ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጡት ዕቃ በመሸከፍ ሊያግዟቸው ነው። ላፕቶፑን ይዘው የመጡት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

በትምህርት ቤታቸው የፊዚክስ መጽሐፍ ለሦስት ተማሪ አንድ ነው። ዛሬ ማን ቤት ይውሰደው በሚለው ስንት ሰው ተኮራርፏል። እነሽቦ የሠሩት አፕ ይህን ተራ ያስይዛል። ሊንኩን ትከፍታለህ፣ ስምህን ትጽፋለህ፣ «ተራ ያዝ» የሚለውን ትጫናለህ፣ አለቀ። የኮምፒውተር መምህሩ ነገ ጠዋት ከአራት ቡድኖች የአንዱን ይመርጣሉ። ከሰኞ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ይነሳና ተራ በአፑ ብቻ ይያዛል። ቁልፉን ያላገኘ መጽሐፉን አያገኝም ማለት ነው። የክፍሉ ግማሽ ደግሞ የሚጠቀመው በእናቱ ስልክ ነው።

ለመምህሩ የሚሰጠው ፎርም ላይ «በምን በምን ስልኮች ተሞከረ?» የሚል ጥያቄ አለ። ሮኬት ከሁለት ቀን በፊት በሚያምር ጽሕፈቷ «በሁሉም» ብላ ሞልታዋለች። ሽቦም አይታ ፎርሙን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የሞከሩት ግን በራሳቸው ሁለት ስልኮችና በላፕቶፑ ብቻ ነበር።

«ሽቦ፣ ቀላል እኮ ነው» አለች ሮኬት በሹክሹክታ፣ እቴቴ የብየዳ ዕቃዎቹን በጋዜጣ ለመጠቅለል ዞር ሲሉ። «ስልካቸው ላይ ፊደሉ ዝሆን አክሎ ነው። እናሳንሰው፣ ቁልፉ ብቅ ይላል። ሁለት ሰከንድ።»

እውነቷን ነው፣ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ሽቦ ስልኩን አነሳችና የፊደል መጠን የሚስተካከልበትን ገጽ ከፈተች። ማንሸራተቻዋ ክብ በመስመሩ መጨረሻ፣ ወደ ቀኝ እስከሚቻለው ድረስ ተገፍታለች።

ማን እንደገፋት ታውቃለች። ጋሼ ዕድሜው የገፋ ሰው ስልክ ሲጠግኑ፣ ሳይጠየቁ ፊደሉን አተልቀው ነው የሚመልሱት። ለእቴቴ ግን የሚመጣላቸውን መልእክት ሁሉ ጋሼ ራሳቸው ነበሩ የሚያነቡላቸው፤ አንዳንዴ ከሆዳቸው እየጨመሩ፣ ለማሳቅ። ታመው አልጋ ላይ በዋሉባቸው የመጨረሻ ቀናት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሽቦ በእግራቸው በኩል ተቀምጣ ሳለ፣ «እስቲ ስልክሽን አምጪው» አሏቸው እቴቴን። ያቺ ክብ ሁለቴ አመለጠቻቸው። በሦስተኛው ጫፍ አደረሷት። «በይ እንግዲህ ራስሽ ታነቢያለሽ» አሉ። እቴቴ ትራሱን አስተካከሉላቸው።

ሽቦ ገጹን ዘጋች።

«አሳነስሽው?» አለች ሮኬት።

«አላሳነስኩትም። የሚስተካከለው የኛው ነው።»

«ነገ ጠዋት እኮ ነው!»

«ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው። ያንን መሳቢያ ሳቢው።»

ሮኬት ከንፈሯን ጣል አድርጋ ሳበችው። ውስጡ ባለቤት ያጡ አሮጌ ስልኮች በረድፍ ተኝተዋል፤ በያንዳንዳቸው ጀርባ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በጋሼ እጅ ስም ተጽፎበታል። ጠባቡ። ስንጥቁ። ግትሩ። ኤሊው። አንድ ታብሌትም አለ፣ ሰፌዱ።

«ስም አውጥተውላቸዋል?» ሮኬት ሳታስበው ሳቀች።

«‹ዳኞቼ ናቸው› ነበር የሚሉት።»

ሽቦ የመጀመሪያዋን አፕ የሠራች ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ጋሼ አፑን በነዚህ ስልኮች ሁሉ ሞከሩት። ከዚያ ለአንድ አናጢ ደንበኛ ሰጡና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ሽቦ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት በዓይናቸው አስቆሟት። አናጢው ግራ ተጋብቶ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። «አየሽ፣ ጥፋቱ የኛ ሆኖ ሳለ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው» አሏት። አልተቆጧትም። ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና አብረዋት አስተካከሉ፤ ኮዱ አንድ ፊደል ሳይገባቸው፣ እስከ መጨረሻው።

ችግሩ አሁን ገባት። ቁልፉን ከገጹ ግርጌ የተከለችው በራሷ ስልክ እያየች፣ ስላማራት ነው። ፊደሉ ሲተልቅ የስም መጻፊያው ወደ ታች ይገፋዋል፤ ኪቦርዱ ሲመጣ ደግሞ ይሸፍነዋል። ወደ ኋላ መመለሻ ቁልፍ ያለው ስልክ ኪቦርዱን ዝቅ ያደርጋል። እንደ ግትሩ ያለው፣ መመለሻ የሌለው፣ እዚያው ተቸንክሮ ይቀራል።

ወለሉ ላይ በካርቶኖቹ መካከል ተቀመጠች። ቁልፉን ወደ ላይ አምጥታ ከስሙ ጋር አጎራበተችው። ገጹ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ፣ ጽሑፉ ቦታ ሲጠበው እንዳይቆረጥ መስመር እንዲቀይር አደረገች። ሮኬት ለአሥር ደቂቃ ያህል አኩርፋ ካርቶን ስታሽግ ቆየች። ከዚያ ሳትጠራ መጥታ ስልኮቹን ቻርጀር ላይ መሰካት ጀመረች።

«ጠባቡ አለፈ» አለች። «ስንጥቁም አለፈ። ኧረ ግትሩም ዛሬ ታዘዘ።»

«ሰፌዱስ?»

«ሰፌዱ ላይ ቁልፉ የአውቶቡስ በር አክሏል።»

ሽቦ ስፋቱን ገታችው። የቀረው ኤሊው ነው። ኤሊው ነጭ ገጽ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እስኪከፈት ሮኬት ጮክ ብላ እስከ ዘጠና ቆጠረች። የአፑ መግቢያ ገጽ ላይ የለጠፉትን የትምህርት ቤቱን ትልቅ ፎቶ አወጡት። አርባ ሆነ። ከዚያ ወዲያ አልወርድ አለ።

«እቴቴ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ይሞክሩልን» አለች ሽቦ ስልካቸውን በሁለት እጇ እያቀበለች።

«ኧረ ልጄ፣ እኔ እኮ—»

ሽቦ ከአጠገባቸው ፈቀቅ አለች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ሮኬት «ከ...» ብላ ስትጀምር በዓይኗ አስቆመቻት።

እቴቴ ስማቸውን በአንድ ጣት ለቀሙት። ቀና አሉ፣ መልሰው አቀረቀሩ፣ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ በትልልቁ «ተራዎ ተይዟል» የሚል መጣ። ድምፅ አውጥተው አነበቡት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው» አለች ሽቦ።

እቴቴ የሽቦን ቁመና፣ ወደ ኋላ የተጣመሩትን እጆቿን አይተው ቆዩ። «አቋቋምሽ የማንን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ?» አሉ። ከዚያ ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

ሽቦ ወለሉ ላይ መልሳ ተቀምጣ ፎርሙን ከቦርሳዋ አወጣች። «በሁሉም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከጎኑ ጻፈች፦ በጠባቡ፣ በስንጥቁ፣ በግትሩ፣ በሰፌዱ፣ በእቴቴ ስልክ ፊደሉ ትልቅ እንደሆነ። በኤሊው ለመክፈት አርባ ሰከንድ ይፈጃል፤ ገና ነው።

ሮኬት በትከሻዋ በኩል አነበበችው።

«ይህን ‹ገና ነው› የሚለውን መምህሩ አይተው ቢጥሉንስ?»

«ይጥሉናላ።»

ሮኬት ፎርሙን ወደ ራሷ ሳበችው። እስክሪብቶውን ተቀበለቻትና ከሽቦ ስም ሥር የራሷን ስም ጻፈች። «በቃ፣ ሮኬትና ኤሊ ተገናኘን» አለች።

እቴቴ መሳቢያውን እንዳለ አውጥተው በሽቦ ጭን ላይ አስቀመጡት። ከበደ። ሽቦ ኤሊውን ብቻ አንስታ ከነቻርጀሩ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ከፎርሙ አጠገብ፤ ሌሎቹን በጋዜጣ አንድ በአንድ መጠቅለል ጀመረች፣ ስማቸው ወደ ላይ እንዲታይ አድርጋ።