የሎርና አራት ገጽ

«ታም! ነይ የዳይሬክተሩን ንግግር አንብቢልኝ!» ስትል ሎርና ከመታጠቢያ ቤት ተጣራች።

ታምሲን ስልኳን እንደጨበጠች ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። እናቷ ሎርና ስምንት ዓመት ሙሉ ፊቷን አረንጓዴ እየተቀባች፣ በአንድ የጠፈር ድራማ ላይ ከዋናዎቹ ተዋንያን ጀርባ ስታልፍ ኖራለች። አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ነገ ግን አራት ገጽ ትናገራለች። ይህን በሚኖሩበት በበርናቢ ከተማ ያልሰማ የለም፤ የአውቶቡስ ሹፌሩ እንኳ ሰምቷል።

ነገ በሚቀረጸው የድራማው ክፍል የጠፈር መርከቧ የምታርፈው ሰው ሁሉ ፊልም ብቻ በሚሠራባት ፕላኔት ላይ ነው። እዚያ አንዲት አጃቢ ተዋናይት አለች፤ ሎርና የምትጫወተው እሷን ነው። ዋናዋ ተዋናይት ድንገት ከታመመች ብላ የእሷን ንግግር ዕለት ዕለት መስተዋት ፊት ታጠናለች። ተዋናይቷ ግን አትታመምም።

እናቷ ቤት ውስጥ ልክ እንዲህ እንደምታደርግ ለድራማው ደራሲ ለራስል የነገረችው ታምሲን ናት። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እናቷን አስመስላ አሳየችው፤ ሳንድዊቹ ትን እስኪለው ሳቀ።

አሁን ደውላለት ነበር።

«በፊልም ሰሪው ሁሉ እኮ ነው ሙድ የያዝነው፣ በራሴም ጭምር። ፈታ በይ!» አላት ራስል።

«እናቴ ግን በእሷ እንደሆነ አልገባትም። ቀይረው ራስል፣ በናትህ!»

«ነገ ጠዋት ይቀረጻል፣ የኔ ቆንጆ። ከእጄ ወጥቷል። ደግሞ ሚናው ለእሷ ይሰጣት ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ደስ የሚላት መስሎኝ።»

ታምሲን ገብታ ወረቀቱን ተቀበለች። የዳይሬክተሩን አነበበች፤ እናቷ በቃሏ መለሰችላት፣ አንድም ቃል ሳትስት። ጎበዝ ነበረች። ታምሲን ይህን አልጠበቀችም።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ሎርና አቋረጠቻት። «ቆይ፣ እዚህ ጋ ‹ሁሉም ይስቃሉ› ይላል። ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«እኔንጃ።»

«አንቺ እኮ ቀልድ ቶሎ ይገባሻል። ንገሪኝ እንጂ፣ ነገ እዛ መሀል እንደ ጅል እንዳልገተር!»

ታምሲን የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ለእናቷ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት።

«የሚስቁት...» አለች። ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

ከዚያ እንደገና ጀመረች፣ እናቷን አስመስላ ራስልን ካሳቀችበት ከዚያ ምሳ ሰዓት።