ጾም የሌለበት ዓርብ

መምህር ሸጋው በሰሌዳው መሃል «2000» ብሎ ጻፈና የእጁን የጠመኔ ብናኝ አራገፈ።

«ይህ ብር አይደለም» አለ። «አንዲት ሴት ክብደቷ ሳይቀንስ፣ ሳይጨምርም፣ ባለችበት እንድትቆይ በቀን የሚያስፈልጋት ካሎሪ ነው። በግምት ማለቴ ነው። ቁጭ ብላ ለምትውል ትንሽ ዝቅ ይላል። ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከም፣ ስታርም የምትውል ግን ከዚህም በላይ ትፈልጋለች።»

ካሳ ከኋላ ወንበር እጁን ሳያወጣ ተናገረ። «ቲቸር፣ የኔ እናት ከአውራ ዶሮ አትከብድም። ሸክም ላይ ግን አህያችን እሷን አይታ ነው የምታፍረው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ዝናሽም ሳቀች። መምህሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና የቤት ሥራውን ሰጠ። እያንዳንዱ ተማሪ አንዲት የሚያውቃትን ሴት መርጦ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የበላችውን አይቶ፣ እንጀራው፣ ቂጣው፣ በሶው ስንት ስንት እንደሚይዝ በነገራቸው መሠረት ደምሮ ሰኞ ይመጣል። ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ደብተሩን ሲሰበስብ መምህር ሸጋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጨመረ። ቁጥሩ በጣም አልሞላ ያለው ተማሪ ካለ ከክፍል ውጭ ለብቻው ያናግረኝ፣ ጤና ጣቢያ የማውቃቸው ሰዎች አሉ አለ። ብዙዎቹ አልሰሙትም። ዝናሽ ሰምታዋለች፤ ግን ለእሷ የተባለ አልመሰላትም።

ዝናሽና የክፍል ጓደኛዋ ሶስና አንድ ቤት ተከራይተው ነው ሰቆጣ የሚማሩት። ሶስና ከደሃና፣ ዝናሽ ከጋዝጊብላ። ስንቃቸውን ከየቤታቸው ያመጣሉ፤ ሲያልቅ አንዷ የሌላዋን ትበላለች። በመንገድ ላይ ሶስና የምትመርጠውን ሴት ቀድማ አውቃ ነበር።

«አከራያችንን ነው የምይዘው» አለች። «ለሷ ሁለት ሺህ ቁርስ ነው። አንቺስ?»

«እማዬን። ስንቅ ልይዝ ዛሬ እሄድ የለ።»

«ያቺን ጿሚዋን? አቦ፣ አንቺማ ሥራ ቀለለሽ። ባዶ ለመደመር ምን ጣጣ አለው?»

ዝናሽ አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ደስ አላት። ስለ እናቷ ጾም ለሶስና ያልነገረችው ነገር አልነበረም። ዝናሽ ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ወደ ሰቆጣ ከመጣችበት ከመስከረም ወዲህ እናቷ ጥሩሐረግ የጽጌን ጾም ጾመች፤ ከዚያ የነቢያትን፤ ዐቢይ ጾምንማ ሲመሽ ብቻ እየቀመሰች ፈጸመችው። መንደሩ ሁሉ ያደንቃታል። «ለኔ ትምህርት ብላ ነው የምትጾመው» ትል ነበር ዝናሽ፣ ሌሎች ልጆች ስለ አባታቸው ከብት በሚያወሩበት ኩራት። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ ወንድሟ ትእዛዙም ባሕር ከተሻገረ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። የምትኮራበት ሌላ ነገር አልነበራትም።

የጠዋት ፈረቃ ስለሆኑ በቀትር ባዶ ከረጢቷን አንጠልጥላ ተነሳች። ዕለቱ ዓርብ ቢሆንም ፋሲካ ካለፈ ብዙ አልቆየምና ከአከራይዋ ጓዳ የቅቤ ሽታ ይመጣ ነበር። ዳገቱን ወጥታ፣ ደረቁን ወንዝ ተሻግራ፣ ቤት ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል።

እናቷ ሮጣ ልታቅፋት ተነሳችና መሃል ላይ ቆም ብላ ምሰሶውን ያዘች፤ ከዚያ ቀስ ብላ መጣች። ዝናሽ ስታቅፋት የትከሻዋ አጥንት ደረቷን ወጋት። ጥሩሐረግ ግን ትስቃለች፤ ጉንጯን ትስማታለች፤ ቁመትሽ ጨመረ፣ ፊትሽ ሞላ ትላለች። ፊትሽ ሞላ ስትል ደስታዋ ቅጥ አልነበረውም።

የማሽላ ቂጣና ሽሮ ቀረበ። የሰባት ዓመቱ ሀይሉ እጁን ታጥቦ ጨርሶ ነበር። እናትየው ገበታውን አስተካክላ፣ ራቅ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠችና እንዝርቷን አነሳች።

«አንቺስ እማዬ?»

«ጾም ነኝ። ሲመሽ እቀምሳለሁ።»

ዝናሽ ለምዳዋለችና ቆረሰች። ጎረሰች። ሀይሉ ግን አፉ ሙሉ እንደሆነ ቀና አለ።

«አባ መንግሥቴ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም ብለውናል እኮ። ዓርብም የለም፣ ረቡዕም የለም።»

እንዝርቱ መሬት ነካ። ጥሩሐረግ ጎንበስ ብላ አነሳችው።

«እሳቸው ለልጆች ነው ያሉት» አለች፣ ቀና ሳትል። «ብላ አንተ።»

ዝናሽ አፏ ውስጥ ያለውን ማኘክ አቆመች። ለልጆች ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ማንም ያውቃል። በዓለ ሃምሳ ነው። ገዳም ያሉት እንኳ አይጾሙም። የቅቤው ሽታ ትዝ አላት። ማታ እናቷ ምን እንደቀመሰች ለማየት ነቅታ ልትጠብቅ አስባ ነበር፤ መንገዱ አድክሟት እንቅልፍ ቀደማት።

ቅዳሜ ውሃ ሊቀዱ ወረዱ። ምንጩ ስለቀጠነ ሴቶቹ ወረፋ ይዘው ይጨዋወታሉ። እናቷ ከፊት ለፊቷ ስትሄድ ዝናሽ መቀነቷን አየች። የድሮው መቀነት ነው፤ ትንሽ ሳለች እየያዘች የምትከተለው። ያኔ ጫፉ አጥሮ ጎኗ ላይ ይቋጠር ነበር። አሁን ዞሮ ዞሮ ተርፎ እስከ ጉልበቷ ተንጠልጥሏል። መምህር ሸጋው ክብደት የሚታወቀው በሚዛን ነው ብሏቸዋል። እነሱ ቤት ሚዛን የለም።

ጎረቤታቸው እትዬ ባንቺ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ልቧ ግን ደግ።

«መጣሽ ተማሪዋ?» አለቻት። «እናትሽ እኮ ቆብ ሳትደፋ መነኮሰችብን። ባለፈው እዚችው ጋ ዘፍ ስትል፣ በቃ ሰማይ ተከፍቶላት ነው፣ ዝም በሏት ብለን ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጥሩሐረግም ከሁሉም አብልጣ ሳቀች። ባንቺ ግን ሳቋን ቶሎ ጨረሰች፤ የዝናሽን ፊት አይታ ይሆናል። የጥሩሐረግ ወረፋ ሳይደርስ ጀሪካኗን ተቀብላ በራሷ ተራ ሞላችላት። ዳገቱን ሲመለሱ ጥሩሐረግ ድንጋይ ላይ አረፍ አለች። ነፋሱ ደስ ስላላት እንደሆነ ተናገረች። ነፋስ አልነበረም።

ዝናሽ ቀኑን ሙሉ በዓይኗ ተከተለቻት። ቅዳሜ የጾም ቀን ስላልሆነ እናትየው ሌላ ቃል ነበራት። ጠዋት «ቀምሻለሁ» አለች። ምሳ ላይም «አሁን ቀመስኩ» አለች። ዝናሽ ያየችው አንድ ጭብጥ ቆሎና ሀይሉ የተወውን የቂጣ ጠርዝ ነው። የተማረችውን በልቧ ልትደምር ሞከረች። ሰሌዳው ላይ ወደነበረው ቁጥር ሊጠጋ ይቅርና ግማሹም ሩቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ደመረችው፤ ስህተቱ ከእሷ ቢሆን ተመኝታ። ደግሞ ይህ የዛሬው ብቻ ነው። ጽጌም ነበር። ነቢያትም ነበር። የሷ ስንቅ በየሁለት ሳምንቱ ከዚህ ቤት ሲወጣ ነበር።

ማታ ገበታው ሲቀርብ ዝናሽ እጇን አልታጠበችም።

«ምነው?» አለች እናቷ።

«እኔም ጾም ነኝ።»

«አንቺ ተማሪ ነሽ። ብዪ።»

«ትናንት ጾም ነሽ። ዛሬ ቀምሰሻል። ከጠዋት ጀምሮ አይቼሻለሁ፣ እማዬ። ምን ቀመስሽ?»

ሀይሉ አንዴ እህቱን፣ አንዴ እናቱን አየ፤ ከዚያም የያዘውን ቂጣ ቀስ ብሎ ወደ ሳህኑ መለሰ። ጥሩሐረግ ይህን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወረደ። ልቧ ሲነካ ወደ አገሯ ቋንቋ ወደ ኽምጣኛ ትመለሳለች፤ አሁንም በኽምጣኛ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና ተናገረች።

«አየሽው? ርቦኛል ስል እሱ እጁን ይሰበስባል። አንቺ ደግሞ ትምህርቱን ትተሽ ትመጫለሽ። ጾም ነኝ ስል ግን ሁላችሁም ትበላላችሁ። ሌላ ምን ቃል አለኝ፣ ልጄ?»

ዝናሽ ተነሥታ ሄዳ ከእናቷ ጎን መደቡ ላይ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ ጣለች። አጥንቱ ጆሮዋን ወጋት፤ አላነሳችውም። ለኔ ትምህርት ብላ ነው የምትጾመው። ስንት ጊዜ ብላዋለች። በስንት ሰው ፊት። እውነቷን ነበር።

ሀይሉ ቂጣውን አምጥቶ በሁለቱ መሃል አስቀመጠ። ዝናሽ ቆርሳ እናቷን አጎረሰቻት። ጥሩሐረግ አፏን ከፈተች፤ እያኘከች እንባዋ ወረደ፤ ደግሞ አጎረሰቻት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናትየው ከረጢቱን መሙላት ጀመረች። የማሽላ ዱቄት፣ በሶ፣ ትንሽ ሽሮ። ዝናሽ አጠገቧ ቆማለች። እምቢ ማለት እንደማይሆን ታውቃለች። በየካቲት ግማሹን ደብቃ ትታው ሄዳ፣ እናቷ በማግስቱ በጀርባዋ አዝላ ሰቆጣ ድረስ አምጥታላት ነበር፤ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ተመለሰች። ጾም ነኝ ብላ።

«እማዬ፣ ይበቃል» አለች ዝናሽ። «ትምህርት ቤት ምሳ ጀምረዋል።»

ጣሳ የያዘው የእናቷ እጅ ቆመ። «ምን ምሳ?»

«ሩዝ። አንዳንዴ ክክ።» ድምፏ አልተንቀጠቀጠም። እንዴት እንዳልተንቀጠቀጠ ገረማት፤ ከዚያ ከማን እንደተማረችው ገባት።

ጥሩሐረግ ለረጅም ጊዜ አየቻት። አምናት ይሁን ሳታምናት፣ ዝናሽ አላወቀችም። ብቻ ጣሳውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተችና ዱቄቱን ወደ ጎታው መልሳ ገለበጠች። አንድ ጊዜ። ደግሞ አንድ ጊዜ። ከረጢቱ ግማሽ ሆነ። ስትሸኛት እስከ ወንዙ አልወረደችም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ዝናሽ ከማዶ ዞር ስትል እናቷን ሳይሆን፣ ነጭ ልብስ መቃኑን ተደግፎ አየች።

ሰቆጣ ስትደርስ ጨልሟል። ሶስና ሁለት እንቁላል ጠብሳ እንጀራ ዘርግታ ነበር የምትጠብቃት።

«ነይ ቶሎ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች። «የአከራያችንን ደመርኩልሽ። መብላቷን ሳይሆን ምላሷን ብቆጥር ይሻል ነበር። የእናትሽ ስንት መጣ?»

ዝናሽ ከረጢቱን ጥጉ ላይ አስቀመጠች። ሶስና ቅለቱን አየች። ዝናሽ ስሌቱን ከወንዙ ጀምራ በመንገድ ላይ ሠርታ ጨርሳዋለች፤ ቀን አንዴ ብቻ ብትበላ ዱቄቱ እስከሚቀጥለው ስንቅ ይደርሳል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ቀላል፣ ማንም የማይከራከረው ቃል።

«እኔ ጾ…»

ሶስና ሳቀች። «ምን ሆነሻል? በዓለ ሃምሳ ነው እኮ።»

ዝናሽ ቆመች። ምሰሶውን የያዘው የእናቷ እጅ ታያት። ምንጩ ዳር ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ሴት ታየቻት። ከመስከረም እስከ ዛሬ ያ ቃል ስንት ሰው እንዳታለለ አሰበች፤ ከሁሉም ቀድሞ እሷን።

ጆኩን አንስታ እጇን ታጠበች። መጥታ ከሶስና ጎን ተቀመጠችና ገና ሳትቆርስ ተናገረች።

«ያመጣሁት እስከ ዓርብ አይደርስም። ከዚያ በላይ ማምጣት አልችልም። እናቴ…» ትንፋሽ ወሰደች። «እናቴ አትጾምም፣ ሶሲ። የሚበላ የላትም።»

ሶስና እንጀራውን ወደ እሷ ገፋ አደረገች። ውጭ አከራይዋ ሰው ትቆጣለች፤ ውሻ ይጮኻል።

«ነገ ከክፍል በኋላ መምህር ሸጋውን ላናግረው ነው» አለች ዝናሽ። «ለብቻዬ እፈራለሁ። አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«ካሳ ሙድ ይይዝብናል» አለች ሶስና።

«ይያዝ።»

«እመጣለሁ» አለች ሶስና። «አሁን ብዪ።»

ዝናሽ ቆረሰች። መዋጥ ከብዷት ነበር፤ ግን ዋጠች።